ከጭቃው ወደ ፎቁ፣ ከፎቁ ወደ ጭቃው

የዛሬው ወሬዬ የቤት ወሬ ነው። ነገሩ የሚሆነው ናይሮቢ ነው፤ ግን አዲስ አበባ የኖረ ሰው መሐሉ ላይ ሲደርስ «ይቺን እንኳ አውቃታለሁ» ማለቱ አይቀርም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ዓመተ ምሕረት ብዬ እለያለሁ። እንዳይምታታባችሁ።

ከመሐል ልጀምር። በ2009፣ በሴፕቴምበር ወር፣ ኪቤራ በተባለው የናይሮቢ የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ሶዌቶ ምሥራቅ የሚባለው መንደር ጫፍ ላይ የጭነት መኪኖች ቆሙ። ፍራሽ ወጣ፣ ጀሪካን ወጣ፣ የከሰል ምድጃ ወጣ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ወጣች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራይላ ኦዲንጋ፣ ያኔ የዚያው አካባቢ የፓርላማ ተመራጭም ነበሩ፣ በቦታው ተገኝተው ሸኙ። ከ1,000 በላይ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው። ወዴት? ሩቅ አይደለም፤ ላንጋታ ነው፣ ከእስር ቤቱ አጠገብ። 17 ሕንፃ፣ እያንዳንዱ ባለ አምስት ፎቅ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ የቧንቧ ውኃ ገብቶለት ይጠብቃቸዋል። ሰዉም ስም አወጣለት፤ የተስፋይቱ ምድር አለው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ እንከን አይወጣለትም። ሰዎቹ ለጊዜው ላንጋታ ይቀመጣሉ። የለቀቁት መንደር ፈርሶ ፎቅ ይሠራበታል። ፎቁ ሲያልቅ እነሱ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ቀጣዩ መንደር ደግሞ ተራውን ላንጋታ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኪቤራ ሁሉ ይታደሳል። ሥራውን የያዘው ኬንሰፕ የተባለው የድሆች ሰፈር ማሻሻያ መርሐ ግብር ነው፤ የኬንያ መንግሥትና ዋና ቢሮው እዚያው ናይሮቢ ጊጊሪ ላይ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ዩኤን ሀቢታት በ2003 ተፈራርመው ያቋቋሙት።

እንግዲህ ከዚህ በፊት ማን እዚያ ሰፈረ፣ መሬቱስ የማን ነበር የሚለውን ሳልነግራችሁ ብቀጥል ወሬው አይገባችሁም።

የባቡሩ ሐዲድ ከሞምባሳ ተነሥቶ ናይሮቢ የደረሰው በ1899 ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ከሱዳን ያመጧቸውን የኑቢያ ወታደሮች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጫካ ውስጥ አሰፈሯቸው። ለጡረታ ገንዘብ ከመስጠት ጫካ መስጠት ይረክሳል መቼም። ነገር ግን መሬቱን ሰጧቸው እንጂ ካርታውን አልሰጧቸውም። ኑቢያዎቹ ያቺን ካርታ ሲጠይቁ ልጅ ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ሲጠይቁ አረጁ፤ በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የ288 ኤከር የጋራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ያስረከቧቸው በ2017 ነው። አንድ መቶ ዓመት ከምናምን!

በዚያ ሁሉ ጊዜ ጫካው መንደር ሆኗል። ከየአገሩ የመጣው ወዛደር ገባበት። ጭቃ በእንጨት ማገር ላይ ተመረገ፣ ቆርቆሮ ተከደነ፣ ክፍሏ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ሆነች፣ በሯ ላይ ኪራይ ተለጠፈ። ዓለም «አንድ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት የአፍሪካ ትልቁ የድሆች ሰፈር» እያለ ሲያወራለት ኖሮ፣ በዚያው መኪኖቹ በቆሙበት በ2009 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 170,070 ሰው ብቻ አገኘ። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ብዙ ልመናም በዚያ በሚሊዮኑ ላይ ቆሞ ነበርና።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። እኛ አገር ድሃ ሰፈር ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው የቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/67 ወጣና ትርፍ ቤት ያለው ሁሉ ተነጠቀ፤ ተከራዩ ለቀበሌ ጥቂት ብር እየከፈለ ሃምሳ ዓመት ተቀመጠ። ናይሮቢ ላይ እንዲህ ያለ አዋጅ አልወጣም። እዚያ የጭቃ ቤት ንግድ ነው፣ ያውም ትርፉ የሚጣፍጥ ንግድ። በ2004 የዓለም ባንክ ያስጠናው ጥናት ከናይሮቢ ድሃ ሰፈር ነዋሪዎች ከመቶ 92ቱ ኪራይ ከፋይ መሆናቸውን አገኘ። አከራዩ ብዙ ጊዜ እዚያ አይኖርም፤ ሌላ ሰፈር፣ ሻል ባለ ግቢ ነው ያለው። ከአከራዮቹ መካከል የመንግሥት ሹማምንትና ፖለቲከኞች እንዳሉበት ናይሮቢ ውስጥ የማያውቅ የለም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቤቱ ግን የባለ ቆርቆሮው ነው፤ ተከራዩ ደግሞ የማንም አይደለም። ይህን ያልያዘ ሰው ናይሮቢ ላይ የቤት ፕሮጀክት ለምን እንደሚወድቅ ቢነግሩት አይገባውም።

ወደ ላንጋታ ልመልሳችሁ።

አንዲት እናት እንሳል። የፈጠርኳት ናት፤ ስምም አልሰጣትም። ሱኩማ ዊኪ የሚሉትን ጎመን ከትፋ በደጇ ትሸጣለች፤ ማታ ከፋብሪካ የሚመለሰው ሰው አንድ እፍኝ ገዝቶ ይገባል። ደጇ ሱቋ ነው። አሁን ላንጋታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣች። ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፣ ግን ሦስቱም የእሷ አይደሉም፤ አንዷ ክፍል የእሷ፣ ሁለቱ የሌሎች ሁለት ቤተሰቦች፣ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ የሦስቱም። ጠዋት ምድጃውን ማን ቀድሞ ይያዝ? ሽንት ቤቱን ዛሬ የሚያጥበው ማን ነው? የጋራ ማድ ቤት የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ለክፍሏ በወር 1,000 ሺሊንግ ያህል ትከፍላለች፤ ውድ አይደለም። ግን ጎመኑን የሚገዛት የለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልት አይዘረጋም፤ ደንበኞቿ ኪቤራ ቀሩ።

በዚህ መሐል አንድ ሸሚዝ የተኮሰ ወጣት መጥቶ «ክፍሏን አከራይኝ፣ እጥፍ እሰጥሻለሁ» ይላታል። ላንጋታ ለሱ ጥሩ አድራሻ ነው፣ ለሥራው ይቀርበዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሷማ ሒሳብ አዋቂ ናት፤ ክፍሏን አከራይታ፣ ትርፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ፣ ወደ ኪቤራ ጭቃ ቤት ተመለሰች። እሷን ፈጠርኳት እንጂ ነገሩን አልፈጠርኩትም፤ ከተስፋይቱ ምድር ክፍላቸውን እያከራዩ የተመለሱ እንደነበሩ ሰፈሩን ያጠኑ ሰዎች ጽፈውታል። ሹማምንቱ ተቆጡ። «ቤት ሰጠናቸው፣ ነገዱበት!» እኔ በበኩሌ ቁጣው አይገባኝም። ባለ ሀብት ቤቱን ሲያከራይ ኢንቨስተር ይባላል፤ ድሃ ሲያከራይ ነው ምስጋና ቢስ የሚሆነው።

አፍርሶ መሥራቱስ? የተለቀቀው መንደር ላይ ወዲያው ግንባታ አልተጀመረም። የቆርቆሮ ቤቶቹ ባለቤቶች ፍርድ ቤት ሄዱ፣ «ንብረታችን ነው» አሉ፤ ኑቢያዎቹም «አፅማችን ያለበት መሬት ነው» አሉ። ክርክሩ ዓመታት በላ። መሠረቱ የተጣለው በ2012 ነው። 822 ቤቶች ተጠናቀው ኡሁሩ ኬንያታ የመረቋቸው ደግሞ በ2016 ጁላይ። ለጊዜው ተብለው የሄዱት ሰዎች ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ሲቀራቸው ማለት ነው። የስድስት ዓመት ሕፃን ሆኖ የተጫነ ልጅ ሲመለስ ድምፁ ጎርንኖ ነበር። ቤቱም በነፃ አይደለም፤ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ከመቶ አሥሩን ቆጥቦ፣ የቀረውን በየወሩ መክፈል ነው፤ ትልቁ ቤት ከአንድ ሚሊዮን ሺሊንግ በላይ ነበር ዋጋው።

ያደለው ገብቶ ተቀመጠ። ያላደለውስ? ያቺን ጎመን ሻጭ አስቡ።

ይህ ደግሞ ለናይሮቢ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከኪቤራ ጎን ኒያዮ ሃይራይዝ የሚባል የፎቅ መንደር አለ፤ ለኪቤራ ተፈናቃዮች ተብሎ ተሠርቶ ደሞዝተኞች ገቡበት። ፑምዋኒ ላይም ለድሃ የተባለው ፎቅ ለሌላ ሆነ። ማታሬ 4ኤ ላይ በጀርመን ገንዘብና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አማካይነት የተጀመረው ማሻሻያ በነዋሪው ተቃውሞና በብጥብጥ ቆመ። እያንዳንዷ ራሷን የቻለች ወሬ ናት፤ ሁሉንም ካወራኋችሁ ግን ሌሊቱ አይበቃንም።

ይልቅ ወደ ሁሩማ እንሂድ፤ ልቤ እዚያ ነው።

ሁሩማ ከማታሬ ወንዝ አጠገብ ነው። እዚያ ውስጥ ካምቢ ሞቶ የሚባል ትንሽ መንደር ነበረች፣ እሳት በተደጋጋሚ የበላት። በ1990 ሙዎሮቶ የተባለ ሰፈር በዶዘር ሲፈርስ ደም ፈሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የድሃ ሰፈር ነዋሪዎች እየተጠራሩ በ1996 ሙኡንጋኖ ዋ ዋናቪጂጂ የሚባል የመንደርተኞች ኅብረት አቋቋሙ። ኅብረቱ ሁለት መሣሪያ ነበረው። አንዱ ቁጠባ ነው፤ እንደ ዕቁባችን ሳንቲም በሳንቲም፣ ግን በየቀኑ። ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ማን የት ይተኛል፣ ስንት ይከፍላል፣ ለማን ይከፍላል የሚለውን ራሳቸው በር ለበር ጻፉ። መንግሥት ያልቆጠረህን ሰው ማፍረስ ይቀልለዋል።

ካምቢ ሞቶ ላይ ያደረጉትን ስሙኝማ። አከራይና ተከራይ አንድ ላይ ተቀመጡ። አከራዩ ምናልባት አምስት ስድስት የቆርቆሮ ክፍል አለው፤ ተከራዩ ምንም የለውም። ተጨቃጨቁ፣ ተለያዩ፣ እንደገና ተሰበሰቡ፤ በመጨረሻ ተስማሙ። ስንት ቆርቆሮ ነበረህ አይባልም፤ አከራይም አንድ ቤት፣ ተከራይም አንድ ቤት። ይህን እኛ ያደረግነው በአዋጅና በመሣሪያ ነበር፤ ያቺ መንደር በጭቅጭቅ አደረገችው። ፓሞጃ ትረስት የሚባለው፣ ጄን ዌሩ የተባለች የሕግ ሰው በ2000 ያቋቋመችው ድርጅት መሐል ሆኖ አግዟል፤ ማስማማቱን ግን ማንም ሊሠራላቸው አይችልም ነበር።

ቀጥሎ የቤቱ ልክ መጣ። ያላቸው መሬት ጥቂት ነው። በከተማው የግንባታ ደንብ ቢሄዱ ግማሹ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ በእንጨትና በጨርቅ የቤቱን ትክክለኛ ልክ አቁመው ገቡበት፤ አልጋ እዚህ፣ ምድጃ እዚያ እያሉ። እያንዳንዱ ቤት መሬት ላይ 20 ካሬ ሜትር ያህል እንዲይዝና ወደ ላይ እንዲያድግ ወሰኑ፤ ዛሬ አንድ ክፍል፣ ገንዘብ ሲገኝ አንደኛ ፎቅ፣ ልጅ ሲያድግ ሁለተኛ። የከተማው ምክር ቤትም በ2003 ተስማማ፤ ደንቡን ለዚህች መንደር አላላው።

ሥራው ሲጀመር አንድ ነገር ነው ዐይኔን የያዘው። ፎቅ ሲሠራ ወጪውን የሚበላው ሶሌታው ነው፤ ካሳፎርማ ይመታል፣ ባሕር ዛፍ ይደገፋል፣ አርማታው እስኪደርቅ ሳምንታት ያልፋሉ። እነሱ ከሕንድ የመጣ ዘዴ ያዙ፤ ላዲ ይሉታል። ላዲ ቀጭን የአርማታ ገበታ ናት። ሴቶቹ ራሳቸው መሬት ላይ ቅርጹን አዘጋጅተው ሽቦ አስተኝተው ያፈስሷታል፤ ውኃ እያጠጡ ያደርቋታል። ከዚያ ሰዎች ተሸክመው ያወጧትና በቢሞቹ ላይ ጎን ለጎን ይደረድሯታል፤ ከላይ ስስ አርማታ ይፈሳል። በቃ፣ ወለል ሆነ። ካሳፎርማ የለ፣ ክሬን የለ፣ ለድጋፍ የሚቆረጥ ዛፍ የለ። «ለአካባቢ ተስማሚ ግንባታ» ተብሎ በየጉባኤው በስላይድ የሚታየው ነገር እዚያ ጉድጓዳም መንገድ ላይ፣ አቡጀዴ የታጠቀች ሴት በእጇ ስትለስነው ነው ያለው።

ነቀፌታም አለበት፤ አልደብቅም። ካምቢ ሞቶ ያስቀመጠችው በመቶ የሚቆጠር ቤተሰብ ነው። ናይሮቢ በ2019 ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ሰው ነበረባት፤ ከግማሽ በላዩ በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ነው የሚኖረው። የኬንያ መንግሥት አገሪቱ ሁለት ሚሊዮን ቤት ጎድሏታል ይላል። በጭቅጭቅና በላዲ ሁለት ሚሊዮን ቤት ለመሥራት የማቱሳላ ዕድሜ ያስፈልጋል። ቢሆንም ልዩነቱን ያዙልኝ፤ እዚህ የተሠራው ቤት ውስጥ የገባው ያው መጀመሪያ የነበረው ሰው ነው።

የማታሬን ወንዝ ረስቼው አይደለም፤ እየመጣሁ ነው።

በዚያው በሁሩማ፣ በ2016 ኤፕሪል 29 ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ከወንዙ ዳር የቆመ፣ በኪራይ ክፍሎች የታጨቀ ፎቅ ተናደ። ወደ 50 ሰው ሞተ። ከሦስት ቀን በላይ ፍርስራሽ ውስጥ ቆይታ አንዲት ሕፃን በሕይወት ወጣች፤ በስድስተኛው ቀን አንዲት ሴት ወጣች። ሕንፃው ቀድሞውኑ እንዲፈርስ ምልክት ተደርጎበት ነበር። ለምን አልፈረሰም? ኪራይ ይሰበሰብበት ነበራ! ለመሆኑ ድሃ ሰፈርና ፎቅ ተቃራኒ ይመስሏችኋል? ኤምባካሲ ውስጥ ፓይፕላይን የሚባለውን ሰፈር ሂዱና እዩ፤ ስምንት ፎቅ ያለ ሊፍት፣ አንዱ ሕንፃ ከሌላው ጋር ተጣብቆ፣ መሐል ያለው ሰው ቀትር ላይ አምፖል አብርቶ ይኖራል። ቆርቆሮው ወደ ላይ አደገ እንጂ አልጠፋም።

ወንዞቹ ደግሞ የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ከኪቤራ በታች በ1953 የተገደበ ናይሮቢ ዳም የሚባል ግድብ አለ፤ ድሮ በጀልባ ይዝናኑበት ነበር። ዛሬ እምቦጭና ቆሻሻ ሞልቶት ሜዳ መስሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከበላዩ ያለው መንደር ፍሳሽ መስመር የለውም። ሽንት ቤት ሩቅ ነው፣ ክፍያ አለው፣ ሴት ልጅ በሌሊት አትወጣም። ስለዚህ በፌስታል ቋጥሮ መወርወር ነው፤ የሚበር ሽንት ቤት እየተባለ በዓለም ሁሉ የተወራለት ይኸው ነው። ኬንያ በ2017 ፌስታል ስትከለክል ዓለም አጨበጨበ፤ ኪቤራ ውስጥ ግን «አሁንስ በምን ልንቋጥር ነው?» ያለ ሰው ነበር። ኡማንዴ ትረስት የሚባለው ድርጅት ለዚሁ መላ አመጣ፤ ክብ ሕንፃ ሠርቶ ከታች ሽንት ቤት፣ ከሥሩ ጋዝ የሚያጠራቅም ጉድጓድ፣ ከላይ መሰብሰቢያ አዳራሽ። በዚያው ጋዝ ሻይ ይፈላል። ሌሎች ደግሞ የውኃ ቧንቧውን ከመሬት አንሥተው በምሰሶ ላይ ሰቀሉት፤ መሬት ውስጥ ሲሆን ፍሳሽ ይገባበታል፣ ሌባም ይቆርጠዋልና።

ከዚያ 2024 መጣ። በኤፕሪል ማብቂያ ማታሬ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ወጣ፤ በመላ ኬንያ በዚያ የዝናብ ወቅት የሞተው ሰው ወደ 300 ተጠጋ። መንግሥት ከወንዙ 30 ሜትር ድረስ ያለ ሁሉ ይነሣ አለ፤ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ማታሬ መጥተው ለእያንዳንዱ ተፈናቃይ ቤተሰብ 10,000 ሺሊንግ ይሰጣል አሉ። ግሬደር ገባ። ጎርፉ ማታ የተወውን ግሬደሩ ቀን ወሰደው። ወንዝ ዳር መስፈር አደጋ መሆኑን እዚያ የሚኖረው ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ውኃው ወገቡ የደረሰው እሱ ነው። ግን ወንዝ ዳር ኪራዩ ይረክሳል፣ ከኢንዱስትሪ አካባቢውም በእግር ይደረሳል። 30 ሜትር ስታስነሣው የት ሄዶ እንዲያድር ነው? 10,000 ሺሊንግ የስንት ወር ኪራይ ትሸፍንለታለች? ይህን የሚመልስ ወረቀት ግሬደሩ ላይ ተለጥፎ አልመጣም።

ወደ ሙኩሩ ልሻገርና ልጨርስ።

ሙኩሩ ከፋብሪካዎቹ ጎን ነው። መሬቱ በ1980ዎቹ ፋብሪካ እንሠራለን ላሉ ሰዎች ተሰጠ፤ ፋብሪካው አልተሠራም፣ ካርታው ግን ባንክ ገብቶ ብድር አወጣ። በላዩ 100 ሺህ ያህል ቤተሰብ ሰፈረበት። የሙኡንጋኖ ሰዎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን አንድ ነገር ሰርስረው አወጡ፤ የሙኩሩ ነዋሪ ለጀሪካን ውኃና በጨለማ ለተጠለፈ መብራት የሚከፍለው፣ በልኩ ሲታሰብ፣ ቧንቧና ቆጣሪ ያለው ሀብታም ከሚከፍለው ይበልጣል። ይህ ወረቀት ሹማምንቱን ፊት ለፊት ያዛቸው። ከተማው በ2017 ሙኩሩን ልዩ የፕላን ቀጠና አደረገው። ነዋሪው አሥር አሥር ቤት እየሆነ ተወካይ መረጠ፤ መንገዱ በየት ይለፍ፣ የማን ቤት ይነካ ብሎ ተከራከረ። በኮሮናው ጊዜ መንገድ ተጠረገ፣ ፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። እሰይ አልን።

በ2021 መጨረሻ ግን በሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ በኩል መንገድ ይውጣ ተባለና ዶዘር ገባ፤ 40,000 ያህል ሰው ሜዳ ላይ ወደቀ። አሥር አሥር ቤት ሆኖ የተከራከረው ሕዝብ ነው እኮ!

አሁን ያለው መንግሥት ደግሞ ሌላ ዘፈን ይዟል፤ ርካሽ ቤት። ከእያንዳንዱ ደሞዝተኛ 1.5 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። በ2023 ኖቬምበር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደሞዝተኛውን ብቻ ነጥሎ ማስከፈል አድልዎ ነው ብሎ ሻረው፤ በ2024 ማርች ነጋዴውንም ጨምሮ አዲስ ሕግ ወጣ። ኬንያውያን ወጣቶች በዚያ ዓመት ጁን ላይ በግብር ነገር አደባባይ ሲወጡ ይህም ተቆራጭ በሆዳቸው ነበር። ቤቱ ግን እየተሠራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ2025 ሜይ ሩቶ ሙኩሩ ላይ ለ1,080 ቤተሰቦች ቁልፍ አስረከቡ። እዚያ የታቀደው በጠቅላላው ከ13,000 ቤት በላይ ነው። እናቶች ቁልፉን ወደ ላይ ይዘው ሲጨፍሩ በቴሌቪዥን ታየ፤ የእኛን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚያስታውስ ሰው ያንን እልልታ ያውቀዋል። አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩ ጊዜ የተጀመረው የእኛ ኮንዶሚኒየም ስንቱን ባለ ቤት እንዳደረገ፣ ስንቱ ዕድለኛ ደግሞ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ጭቃ ቤት እንደተከራየ ዘርዝሬ ባወራ ማንንም አላስደንቅም።

የኬንያ ሕግ አውጪዎች ይህን አስበውበታል። በአዲሱ ሕግ ቤቱን ያገኘ ሰው ያለ ቦርዱ የጽሑፍ ፈቃድ መሸጥ አይችልም። እኛም አምስት ዓመት አይሸጥም ብለን ነበር። የሙኩሩዋ ጎመን ሻጭ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁልፏን ይዛ ተቀምጣለች፤ በወሩ መጨረሻ ክፍያው ይመጣል፣ ሸሚዝ የተኮሰው ወጣትም ደረጃውን እየወጣ ነው። ውክልና የሚባል ነገር እንዳለ ገና ካልነገሯት፣ ናይሮቢም ጠበቃ ሞልቷል።